ለጅማ አስፋልትም ለጅማ ጭቃም፦ የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ አመራረጥ

በአንድ የሰኔ ቀን ከዴዶ ወደ ጅማ ስመለስ ዳገት መሃል ላይ ቀረሁ። ሞተሩ ይጮሃል፣ የኋላ ጎማው ይሽከረከራል፣ እኔ ግን ካለሁበት ንቅንቅ አልልም። ወርጄ አየሁት። በጥርሶቹ መሃል ቀይ ጭቃ ተጠቅጥቆ ጎማው እንደ ጀበና ሆድ ልሙጥ ሆኗል። የሚገርመው ጎማው አዲስ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ያልሆነ ጎማ መርጬ ነው የገዛሁት።

ጎማው መጥፎ አልነበረም። ከጅማ አጋሮ በአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ምርጥ ነው። ለዴዶ ዳገት ግን አልተሠራም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ ከመግዛቴ በፊት ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ይህን የምጽፈው አስፋልትም ፒስታም (አስፋልት ያልለበሰ መንገድም) የሚሄድ ሞተር ለምትነዱ ነው፤ እንደ ያማሃ ዲቲ 125፣ ኤክስቲዜድ 125 ወይም ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል ያሉትን። በጅማ ዙሪያ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ባለሙያው፣ ቡና ሰብሳቢው እንዲህ ባለ ሞተር ነው ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው። የኋላ ጎማ ደግሞ ሞተሩን የሚገፋውም፣ ጭነቱን አብዛኛውን የሚሸከመውም እሱ ስለሆነ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል።

1. መንገዳችሁን በደብተር ቁጠሩ

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ኪሎሜትር ቆጣሪውን አይታችሁ በሦስት ዓምድ ጻፉ፦ አስፋልት፣ ጠጠርና ኮሮኮንች፣ ጭቃ። በግምት ቢሆንም ችግር የለውም። እኔ ስቆጥር ከ10 ኪሎሜትር 6ቱ አስፋልት፣ 3ቱ ጠጠር፣ 1ዱ ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። ከመቁጠሬ በፊት ብትጠይቁኝ «ግማሹ ጭቃ ነው» ብዬ እምል ነበር። ሰው የሚያስታውሰው የተቸገረበትን መንገድ ነው።

ታዲያ ያቺ አንድ ኪሎሜትር ትናቅ ማለቴ አይደለም። የሚበዛው መንገድ የጎማውን ዕድሜ ይወስናል። የሚከፋው መንገድ ደግሞ ማታ ቤታችሁ መግባት አለመግባታችሁን ይወስናል። ሁለቱን ለየብቻ ጻፏቸው፤ ወደ ታች ስንወርድ ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ወቅቱንም ጻፉ። ጅማ ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም አይለቅም፣ ዋናው ክረምት ደግሞ ከሰኔ በኋላ ነው። ስለዚህ ጎማ የሚቀየረው በሚያዝያ ነው። በጥቅምት፣ ቡና ለቀማ ሲደርስና መንገዱ ሲደርቅ፣ አዲስ ጥርስ ገዝቶ አስፋልት ላይ መጨረስ ገንዘብ ማባከን ነው። ሚያዝያ ላይ ግማሽ የደረሰ ጎማ ካላችሁ አትጣሉት። አውጥታችሁ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡትና በበጋው መልሳችሁ ጨርሱት። የጎሚስታ ሂሳብ ሁለቴ መክፈል ያናድዳል፣ ግን ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

2. አሮጌውን ጎማ አንብቡት

ከመፈታቱ በፊት ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ወይም በድንጋይ ደግፋችሁ ጎማውን ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። መሃሉ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎንና ጎኑ ደህና ከሆነ ብዙ አስፋልት ሄዷል፣ ወይም አየሩ በዝቶበት ነበር። ጎንና ጎኑ አልቆ መሃሉ ከተረፈ አየር አንሶት ወይም ጭነት በዝቶበት ነው የሠራው። አንዱ ጎን ብቻ ካለቀ የጎማው ጥፋት አይደለም። የኋላ እግሩ ተጣሞ ታስሯል ማለት ነው፤ ይህ ካልተስተካከለ አዲሱንም እንዲሁ ይበላዋል።

መቼ ይቀየር? ጎማው ላይ የማለቂያ ምልክት አለ። በጎኑ «ቲ ደብሊው አይ» የሚሉ ፊደላት ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይታያሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ መሃል ስትሄዱ በጥርሶቹ መካከል ጉብ ያለች ጎማ ታገኛላችሁ። ጥርሱ ከእሷ ጋር ከተስተካከለ ለአስፋልትም አይሆንም። ለጭቃ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባችሁም። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊሜትር የነበረ ጥርስ 4 ሲቀረው ጭቃ ላይ ሥራውን አቁሟል። የልጆች ማስመሪያ ወስዳችሁ ለኩት፣ መለኪያው ያ ይበቃል።

3. ቁጥሩን ሳታውቁ ሱቅ አትግቡ

ጎኑ ላይ 110/80-18 የሚል ካለ፣ 110 በሚሊሜትር የጎማው ስፋት ነው። 80 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ ነው፤ ማለትም 88 ሚሊሜትር። 18 የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ መጠን በኢንች ነው። የኤክስቲዜድ 125 የኋላው ይህ ነው። የኤክስአር 150 ኤል 110/90-17 ነው። ዲቲ 125 በድሮው አጻጻፍ 4.10-18 ይላል፤ እሱ ስፋቱን በኢንች ነው የሚናገረው። 4.10 ወደ 100/90 ይጠጋል፣ 4.60 ደግሞ ወደ 110/90።

የቸርኬው ቁጥር ላይ ድርድር የለም። የ17 ጎማ 18 ላይ አይገባም፣ የ18ም 17 ላይ አይቀመጥም። ስፋቱ ላይ ግን «ትንሽ ሰፋ ያለ ይሻላል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሒሳቡን እንየው። 110/80-18 ከላይ እስከ ታች 633 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 120/80-18 ደግሞ 649። ልዩነቱ 16 ሚሊሜትር ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ጎማው በአንድ ዙር 2.5 በመቶ ያህል ርቆ ስለሚሄድ ሞተሩ ዳገት ላይ የዚያኑ ያህል ይደክማል። በ125 ሲሲ ሞተር ሰው ጭናችሁ ስትወጡ ይታወቃችኋል። በየጎኑም 5 ሚሊሜትር ወደ ካቴናው ይጠጋል። ደረቅ ላይ ላይነካ ይችላል። ጭቃ ሲለብስ ግን ይነካል፣ ከላይም ፓራፋንጎው ሥር ይታጨቃል። ደግሞም ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ ጎኖቹ ተሰብስበው መሃሉ ያብጣል። አስፋልት የሚነካው ያበጠው ብቻ ይሆናል። ፋብሪካው የሰጠውን ልክ ያዙ፤ እኔ ከዚህ አልወጣም።

4. ጥርሱን ምረጡ

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ጎማ ሠሪዎች የሁለት መንገድ ጎማን በመቶኛ ይከፍሉታል። 90 ለ10 ከተባለ 90ው አስፋልት፣ 10ሩ ፒስታ ነው። 50 ለ50 እኩል ነው። ቁጥሩ የሠሪው ግምት እንጂ በላቦራቶሪ የተለካ አይደለም፤ የአንዱ 50 የሌላው 60 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ስሙና ዓይናችሁን እመኑ። የምታዩት በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

የጅማ አፈር ቀይና የሚጣበቅ ነው። ሲረጥብ ጎማውን ይለብሰዋል። ጎማው ከጭቃ የሚላቀቀው ሁለት ነገር ሲያገኝ ነው፦ ጭቃው የሚወጣበት ሰፊ ክፍተትና ሲሽከረከር ጭቃውን የሚያስፈነጥር ፍጥነት። ዳገት ላይ በቀስታ ስትወጡ ፍጥነቱ ስለሌለ ሥራው ሁሉ በክፍተቱ ላይ ይወድቃል። ሱቅ ውስጥ እኔ የማደርገው ቀላል ነው። አውራ ጣቴን በሁለት ጥርሶች መሃል አስገባለሁ። እስከ ታች ድረስ ተመችቶት ከገባ ጎማው ጭቃ ይተፋል። ጥፍሬ ብቻ ከገባ ቀዩ አፈር እዚያው ተጠቅጥቆ ይቀራል። ዴዶ ዳገት ላይ ጥሎኝ የቀረው ጎማ ጥፍሬን ብቻ ነበር የሚያስገባው።

ታዲያ ለምን ሁላችንም የመጨረሻውን ባለ ትልልቅ ጥርስ አንገዛም? አስፋልቱ አለና። ረጅምና የተራራቀ ጥርስ አስፋልት ላይ ይወላገዳል። መሬት የሚነካው ጎማ ትንሽ ስለሆነ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙ ርቆ ይቆማል። ከረጅም ድርቀት በኋላ የሚወርደውን የመጀመሪያ ካፊያ አስቡት። ዘይቱና አቧራው ተቀላቅሎ አደባባዩን ሳሙና ያደርገዋል፤ ከፊት ባጃጅ ድንገት ይቆማል። እዚያ ላይ የጭቃ ጎማ ያስፈራል። በዚያ ላይ ቶሎ ያልቃል፤ መሃለኛው ረድፍ በጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ደብተሩን አውጡ። ከ10 ኪሎሜትር 8ና ከዚያ በላይ አስፋልት ከሆነ፣ የቀረውም ጠጠር ብቻ ከሆነ፣ ጠጋ ጠጋ ያሉ ሰፋፊ ጥርሶች ያሉትን ግዙ። እንደኔ 6ቱ አስፋልት ሆኖ ጭቃውን ግን በየሳምንቱ የምትገቡበት ከሆነ መሃለኛውን፣ 50 ለ50 የሚባለውን ውሰዱ። ኬንዳ ኬ270 የሚባለውን ያያችሁ እንደሆነ የመሃለኛውን መልክ ታውቁታላችሁ፦ አራት ማዕዘን ጥርሶች፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ግን መሃሉ ላይ ተከታትለው የቆሙ። ክረምቱን ሙሉ ከአስፋልት ወጥታችሁ የምትውሉ ከሆነ ብቻ እንደ ፒሬሊ ኤምቲ21 ወዳለው የለየለት የጭቃ ጎማ ሂዱ።

መሃለኛውን ስትመርጡ የመሃሉን ረድፍ በደንብ እዩት። ጥርሶቹ በጎማው መሃል መስመር ላይ እየተደራረቡ የሚሄዱ ከሆነ አስፋልት ላይ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በመሃል ትልቅ ባዶ ካለ እጃችሁን ያደነዝዛል።

የፊቱንም አትርሱ። ከኋላ ጥርሳም፣ ከፊት የተላጨ ጎማ ማድረግ አደገኛ ነው። የኋላው ሲንሸራተት መሪውን ይዛችሁ ትመልሱታላችሁ። የፊቱ ሲያዳልጥ ግን መሬት ላይ ናችሁ። አቅም ካነሰ የፊቱን መጀመሪያ፣ የኋላውን በወሩ።

5. ጭነቱን ደምሩ

ከመጠኑ ቀጥሎ 58 ፒ የመሰለ ጽሑፍ አለ። ቁጥሩ ጎማው የሚሸከመውን ይናገራል፤ 50 ማለት 190 ኪሎ፣ 58 ማለት 236 ኪሎ፣ 62 ማለት 265 ኪሎ ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤም 130፣ ፒ 150፣ ኤስ 180 ኪሎሜትር በሰዓት። ፊደሉ ለኛ መንገድ ከበቂ በላይ ስለሆነ አያስጨንቃችሁ።

ቁጥሩ ግን ያስጨንቃችሁ። ሞተሩን 120 ኪሎ እንበል። ነጂው 70፣ ከኋላ የተቀመጠው 65። ሁለት ፈረሱላ ቡና ሲጨመር፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ 34። ድምሩ 289 ኪሎ ነው። ሰውና ጭነት ከኋላ ሲሆን ከ3 እጅ ሁለቱ ገደማ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ወደ 190 ኪሎ መሆኑ ነው። ባለ 50 ጎማ እዚህ ላይ ጫፉ ደረሰ። አንድ ጉድጓድ ሲጨመርበት ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡ። ባለ 58ቱ ትርፍ አለው። ያውም ይህ ሁሉ የሚሠራው አየሩ ጎማው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ሲይዝ ነው፤ አየር ሲያንስ አቅሙም ያንሳል። «4 ፒአር»፣ «6 ፒአር» የሚል ካያችሁ የጎኑ ጥንካሬ ደረጃ ነው። ጭነት የሚበዛበት ሰው ስድስቱን ይውሰድ።

6. ሱቅ ውስጥ፦ ዕድሜውን አጣሩ

ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚሄደው ረድፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመት ናቸው። 1824 ካለ በ2024 በ18ኛው ሳምንት ተሠርቷል።

ልብ በሉ፣ ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2017 ዓ.ም አንድ ሻጭ 1817 የሚል ጎማ አዙሮ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ እይ እንጂ፣ 17 ይላል፣ የዘንድሮ ነው!» አለኝ። ልቤ ደስ ብሎት ገንዘብ ልቆጥር ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ያ 17 የፈረንጆቹ 2017 ነው፤ በኛ 2009። ጎማው መደርደሪያ ላይ ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሻጩ ሆን ብሎ ያታለለኝ አይመስለኝም፣ ራሱም የተረዳው እንደዚያ ነበር። እናንተ ግን ሁልጊዜ በኛ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 ደምራችሁ ከጎማው ቁጥር ጋር አስተያዩ። እኔ ከተሠራ አምስት ዓመት ያለፈው አልገዛም፣ በግማሽ ዋጋ ቢሆንም።

ከዚያ በእጃችሁ ፈትሹት። ጎኑን ጠምዘዝ አድርጉና የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንዳለው እዩ። ጥርሱን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ትኩስ ጎማ ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ የደረቀው እንደ ቀንድ ይመልሳችኋል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ተዉት፣ ከውስጥ ያለውን አምጡ በሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ ታጭቆ የመጣ ጎማ ቅርጹ ተጣሞ ከሆነ መሬት ላይ አቁማችሁ አንከባልሉት፣ ይታያል። ጅማ ያጣችሁትን መጠን አዲስ አበባ መርካቶ ጎማ ተራ ለሚሄድ ሰው ስታዝዙ፣ የአራቱን ቁጥሮች ፎቶ ሳይልክላችሁ ክፈል አትበሉት።

«ቲቲ» ካለ ካላማዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) የግድ ይፈልጋል። «ቲኤል» የሚለው ካላማዳሪ ባይኖረውም ይሠራል። የኛ ሞተሮች ቸርኬ ባለ ራጂ (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉት) ስለሆነ አየሩ በራጂዎቹ ቀዳዳ ይወጣል፤ ስለዚህ ቲኤልም ብትገዙ ካላማዳሪ ይገባበታል።

7. ካላማዳሪውን አብራችሁ ቀይሩ

አሮጌ ካላማዳሪ ተለጥጦ አድጓል። አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ በእጥፋቱም ይበላል። በመጠኑ አዲስ ግዙ፤ ትንሹን ነፍተው ሲያሰፉት ይሳሳል፣ ትልቁ ይታጠፋል። ወፈር ያለው ትንሽ ቢወደድም እሾህና ሹል ድንጋይ ባለበት መንገድ ዋጋውን ይመልሳል። አሮጌውን ተለጥፎ ከሆነም ጠቅልላችሁ ለመንገድ ያዙት።

8. ጎሚስታው ጋ ቁሙ

ትታችሁ ሻይ ለመጠጣት አትሂዱ። «ጋሼ፣ ቀስቱን እንይ» በሉት፤ ጎማው ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ሞተሩ ወደፊት ሲሄድ በዚያው አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቸርኬው ውስጥ ራጂውን የሚሸፍነው ላስቲክ ከተቀደደ ይቀየር፣ የራጂ ጫፍ ካላማዳሪ ይበሳል። ቸርኬው ወጥቶ ሳለ ኩሽኔታውን በጣታችሁ አዙሩ፤ እየተደናቀፈ ከዞረ አሁኑኑ ይቀየር።

ጎማው እንዲገባ የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ ግራሶና ዘይት ጎማ ይበላል። ካላማዳሪው ከመግባቱ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ አየር ይሰጠው። የጎማ ማስገቢያው ብረት ሲገባ ተቃራኒው ጎን ተረግጦ ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ መውረድ አለበት፤ ይህ ከሆነ ብዙ ኃይል አያስፈልግም፣ ካላማዳሪም አይነከስም። ተነፍቶ ሲያበቃ ጎኑ ላይ የምትዞረዋ ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል መራቋን ዙሪያውን እዩ። አንድ ቦታ ከገባች አየሩ ወጥቶ እንደገና ይነፋ። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት፤ ወደ ቆቡ ወደ ላይ ይቀመጥ። ካላማዳሪው ከተንሸራተተ ቫልቩ ተንጋድዶ ያስጠነቅቃችኋል።

ሲታሰር የካቴናው ማስተካከያ ምልክት በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ፔርኖው (የኋላ ቸርኬው የሚዞርበት ብረት) ይጥበቅ፣ የኋላ ፍሬን ይሞከር።

9. አየሩና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

መጀመሪያ የሞተራችሁ መመሪያ የሚለውን እዩ። ከሌለ የኔ ልማድ ይህ ነው፦ አስፋልት ላይ ብቻዬን 28 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ሰው ስጭን 32፣ ጠጠር ላይ 24፣ ጭቃ ላይ 18 ወይም 20። ከ18 በታች አልወርድም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይቆርጠዋል። ከጭቃ ወጥታችሁ አስፋልት ስትይዙ መልሳችሁ ንፉ። ትንሽ የእጅ ፖምፓ ከወንበሩ ሥር ትገባለች። ሁልጊዜም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ለኩ።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ያዳልጣል። የመጀመሪያውን 150 ኪሎሜትር ሳትጋደሙ፣ ፍሬን በድንገት ሳትይዙ ሂዱ። በማግስቱ ጠዋት አየሩን ለኩት። አንድ ሁለት ቢወርድ ደህና ነው፤ አምስት ከወረደ ካላማዳሪው ሲገባ ተነክሷል፣ ወደ ጎሚስታው ይመለስ።

150ው ሲሞላ ራጂዎቹን በካቻቢቴ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ደብዘዝ ያለ ድምፅ የሰጠ ካለ ላልቷልና ወደ ዴዶ ከመውጣታችሁ በፊት ይጥበቅ።